አፈሩን የወሰደው ዓባይ አይደለም

በየክረምቱ ዓባይ ደፍርሶ ሲወርድ አንድ የቆየ ክስ አብሮ ይነሳል፦ ወንዙ ሌባ ነው። ግንድ ይዞ የሚዞር፣ ማደሪያ የሌለው፣ የአገሩን አፈር ጠራርጎ ለባዕድ የሚያስረክብ ተደርጎ በተረትም በዘፈንም ሲወቀስ ኖሯል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ወቀሳው ወደ ድል ዜማ ተቀይሯል። ሌባው በመጨረሻ እጅ ከፍንጅ ተያዘ የሚል ስሜት አለ።

ውሃው መያዙ እውነት ነው። አፈሩ ግን አልተያዘም። ጉባ የደረሰ አፈር ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከሸዋና ከወለጋ ማሳ ቀድሞ የወጣ አፈር ነው። ማረፊያው የንጋት ሐይቅ ወለል ሆነ የሱዳኑ ሮዛይረስ፣ ማሳው ለተራቆተበት ገበሬ ልዩነት የለውም። ግድብ የሄደውን አፈር መንገድ ላይ ያስቆማል እንጂ ወደ ነበረበት አይመልስም።

ስለዚህ ጥያቄው «አፈሩ የት ቆመ?» ሳይሆን «ከየት፣ በማን፣ በምን ፍጥነት ተነሳ?» መሆን አለበት። ይህን ለመመለስ መጀመሪያ ዓባይ ራሱ ምን እንደሠራ፣ ምን እንዳልሠራ መለየት ያስፈልጋል። ወንዙ በእርግጥ የቆረጠው ነገር አለ። የቆረጠው ግን ዛሬ በስሙ የሚከሰስበትን አይደለም።

▪️ ገደሉ እንዴት ተቆረጠ?

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚያልፍ መንገደኛ የአገሬው ሰው «የዓባይ በረሃ» የሚለውን ሸለቆ ያቋርጣል። ከ2,400 ሜትር በላይ ካለው ደጋ ተነስቶ 1,000 ሜትር ገደማ ወዳለው የወንዙ ወለል ይወርድና እንደገና ይወጣል። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ርቀት ውስጥ የአየሩ ጠባይ፣ ዛፉና አዝርዕቱ ሁሉ ይለወጣል። ከሁሉ በላይ የሚለወጠው ግን ድንጋዩ ነው።

አናቱ ላይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በገፍ ፈስሶ የረጋ የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት አለ። ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል። ከዚያ አገሩ በባሕር ተሸፍኖ በነበረበት በዳይኖሰሮች ዘመን የተደረደረ ወፍራም የኖራ ድንጋይ ይከተላል፤ የሙገር ሲሚንቶ ጥሬ ዕቃም የዚሁ ንብርብር ዘመድ ነው። ከኖራው በታች ጀሶና ጭቃማ ድንጋይ የተቀላቀለበት ልል ንብርብር፣ ከሁሉም ግርጌ ደግሞ ሌላ ጥንታዊ የአሸዋ ድንጋይ አለ። ሸለቆው በጎኑ የተከፈተ መጽሐፍ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን መጽሐፍ ማን ከፈተው? ቀላሉ መልስ «ውሃ» ነው። ግን ንጹሕ ውሃ ብቻውን ባዛልትን የመቁረጥ አቅሙ አነስተኛ ነው። የሚቆርጠው ውሃው የያዘው መሣሪያ ነው። ጎርፍ የሚያንከባልለው ቋጥኝ፣ ጠጠርና አሸዋ የወንዙን ወለል እንደ ሞረድ ይሞርደዋል። ውሃው በድንጋዩ ስንጥቅ እየገባ የላላውን እየነቀለ ይወስዳል። ኖራና ጀሶ ሲያገኝ ደግሞ ቀስ እያለ ያሟሟቸዋል። ይህ ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው በክረምት ነው። የበጋው ዓባይ ዝምተኛ ነው፤ ገደሉን የቆረጠው የክረምቱ ሙላት ነው።

መሣሪያ ብቻ ግን አይበቃም፤ ቁልቁለት ያስፈልጋል። ሜዳ ላይ የሚፈስ ወንዝ ይጠማዘዛል እንጂ ጠልቆ አይቆርጥም። ለዓባይ ቁልቁለቱን የሰጠው ከጥልቅ ምድር የሚመጣው ትኩስ ግፊት ነው። ስምጥ ሸለቆውን የከፈተውና እሳተ ገሞራውን ያፈነዳው ይኸው ኃይል ደጋውን ወደ ላይ አነሳው። መሬቱ ሲነሳ ወንዙ ቆረጠ፤ እንደገና ሲነሳ እንደገና ቆረጠ። ዛሬም ዓባይ ከጣና እስከ ሱዳን ድንበር 1,300 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል።

ወንዙ የሚቆርጠው ታቹን ብቻ መሆኑም መታወቅ አለበት። ታች ያለው ልል ንብርብር ሲቦረቦር ላዩ ላይ የተሸከመው ጠንካራ የኖራና የባዛልት ግድግዳ ድጋፍ ያጣና ይናዳል። ወንዙ ናዳውን ጠርጎ ይወስዳል፤ ግድግዳው እንደገና ይናዳል። ሸለቆው እንደ ደረጃ፣ አንዴ ገደል አንዴ ተዳፋት እየሆነ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው። የጎሐ ጽዮን–ደጀን መንገድ ተጠግኖ የማያልቀውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ መንገዱ የተሠራው ገና ሥራውን ባልጨረሰ ተዳፋት ላይ ነው።

▪️ አንድ ቀላል ስሌት

እ.ኤ.አ. በ2007 ናሂድ ጋኒና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ ከሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ ባለፉት 29 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ ቢያንስ 93,200 ኪሎ ሜትር ኩብ ድንጋይ ተቆርጦ መወሰዱን አስልተዋል። ቆረጣው በሁለት ወቅቶች፣ ከ10 ሚሊዮንና ከ6 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ፣ ፍጥነት እንደጨመረም አሳይተዋል። ቁጥሩ ያስደነግጣል። የግብፅ የእርሻ መሬትና የዓባይ አፍ ደለል በአመዛኙ የተሠራው ከዚህ ደጋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህን ቁጥር ለ29 ሚሊዮን ዓመት ማካፈል ግን ሌላ ነገር ያሳያል። በዓመት በአማካይ የሚደርሰው 3.2 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ወደ ክብደት ሲለወጥ 9 ሚሊዮን ቶን ያህል ይሆናል። አፍሪካ ውስጥ ካሉት ጥልቅ ሸለቆዎች አንዱን ለመቅረጽ የበቃው አማካይ ፍጥነት ይህ ነው።

ዛሬስ? በሱዳን ድንበር አካባቢ ሲለካ የኖረው የዓባይ ደለል በተለያዩ ግምቶች በዓመት ከ100 ሚሊዮን እስከ 140 ሚሊዮን ቶን ነው። ከረጅሙ ዘመን አማካይ ከአሥር እጥፍ በላይ መሆኑ ነው።

ሁለቱ ቁጥሮች ፍጹም አንድ ዓይነት ነገር አይለኩም። የሚሊዮን ዓመታት አማካይ የፈጠነውንም የዘገየውንም ዘመን ደባልቆ ይይዛል። የቅርቡ ዘመን ቆረጣ ከአማካዩ ፈጣን መሆኑም ተገልጿል። ስለዚህ አማካዩን ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ ማድረግ ይቻላል። ያኔም ክፍተቱ አይዘጋም። ከዚህም በላይ፣ ከማሳ የሚነሳው አፈር ሁሉ ድንበር አይደርስም፤ ብዙው በየተዳፋቱ ግርጌ፣ በየረባዳውና በየወንዙ ዳር ይቀራል። ድንበር ላይ የሚለካው የጉዳቱ ከፊል ብቻ ነው።

ስሌቱ የሚለው ግልጽ ነው፦ ዓባይ ተራራ የቆረጠበት ፍጥነትና ዛሬ አፈር የሚያጓጉዝበት ፍጥነት አይገናኙም። የመጀመሪያው የምድር ሥራ ነው፤ የሁለተኛው ትርፍ የሰው እጅ አለበት። ወንዙ ጋሪ ነው። ጋሪው ላይ የጫነው ሌላ ነው።

▪️ በአንድ ሰው ዕድሜ የሚቆረጥ ገደል

ጭነቱ ከየት እንደሚመጣ ለማየት ወደ ሸለቆው መውረድ አያስፈልግም። በጎጃም ወይም በደቡብ ጎንደር ግጦሽ ሜዳ ላይ የተከፈተ ቦረቦር ማየት ይበቃል። ቦረቦር የገደል ታናሽ ወንድም ነው፤ የሚሠራውም በዚያው ሕግ ነው።

ጎርፍ ከአንድ ጫፍ ሲወድቅ ሥሩን ይቆፍራል። ሥሩ ሲቦረቦር አናቱ ይናዳል። የናደውን ጎርፉ ይጠርገዋል፤ ጫፉ ወደ ኋላ፣ ማለትም ወደ ላይ ወደ ማሳው፣ ይሸሻል። በሚቀጥለው ዝናብ ያው ይደገማል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴም የዚሁ ሕግ ተገዢ ነው። ልዩነቱ ፏፏቴው የሚታገለው ከባዛልት ጋር መሆኑ ነው፤ ቦረቦር ግን አፈር ውስጥ ስለሚሠራ በአንድ ክረምት ብዙ ሜትር ሊሄድ ይችላል።

በዋልካ አፈር ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ውሃ በስንጥቁ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። በባሕር ዳር አቅራቢያ በደብረ ማዊ የተደረጉ ጥናቶች አንድ ጠቃሚ ነገር አሳይተዋል፦ የቦረቦርን ግድግዳ የሚንደው ከላይ የሚፈሰው ጎርፍ ብቻ አይደለም። ከሥር የሞላው የከርሰ ምድር ውሃም ግድግዳውን አርሶ፣ አክብዶና አላልቶ ይጥለዋል። ስለዚህ ቦረቦሩ ውስጥ ድንጋይ መደርደር ብቻውን ብዙ ጊዜ ከንቱ ልፋት ይሆናል፤ ውሃው በጎን ዞሮ ክትሩን ጥሎት ይሄዳል።

ሸለቆው ለመቆረጥ የመሬት መነሳት አስፈልጎታል። ቦረቦር ግን የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ከብት በየቀኑ የሚመላለስበት አንድ ዱካ፣ ገበሬው ማሳው ውሃ እንዳይተኛበት ያወጣው ፈሰስ መጨረሻው ሳይታሰብ ሲቀር፣ ወይም ለመንገድ የተቀበረ ቱቦ ከአንድ ኮረብታ የተሰበሰበውን ጎርፍ በአንድ ነጥብ ላይ ሲደፋ። መንገዱ ተመርቆ ሪባኑ ከተቆረጠ ከጥቂት ክረምት በኋላ ከቱቦው ሥር ያለው ማሳ ለሁለት ተከፍሎ ይገኛል። የመንገዱ ወጪ ሲሰላ ያ ማሳ ውስጡ አይገባም።

ጊዜውም አለ። ጤፍ የደቀቀ መሬት ይፈልጋል፤ ማሳው ደጋግሞ ይታረሳል። የክረምቱ የመጀመሪያ ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ ማሳው ራቁቱን ነው፤ ቡቃያው ገና አልሸፈነውም። የወንዞች ውሃ በክረምቱ መግቢያ እጅግ ደፍርሶ ቡቃያው መሬቱን ሲሸፍን እየጠራ የሚሄደው ለዚህ ነው። ከዓመቱ ጉዳት ትልቁ ክፍል የሚደርሰው በጥቂት ሳምንታት፣ በጥቂት ዝናቦች ነው።

▪️ «ግድቡ በደለል ይሞላል» የሚለው ክርክር ለምን ደካማ ሆነ?

የተፋሰስ ጥበቃ በተነሳ ቁጥር የሚቀርበው ዋና ምክንያት ግድቡ ነው። አፈሩ ካልተጠበቀ ግድቡ በደለል ይሞላል ይባላል። ለክርክር ይመቻል፤ ስሜት ይነካል። ሆኖም ቁጥሩ ብዙ አያግዘውም።

የዓባይ ደለል በዓመት 140 ሚሊዮን ቶን ቢሆንና ሁሉም ሐይቁ ውስጥ ቢቀር፣ የሚይዘው ቦታ ከአንድ ቢሊዮን ሜትር ኩብ አሥራ ሁለት በመቶ ያህል ነው። ሐይቁ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል። በዚህ ስሌት በመቶ ዓመት የሚሞላው ከስድስት አንድ እጅ ገደማ ነው። ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም፤ የነገ አደጋ ግን አይደለም።

የሱዳን ግድቦች የደረሰባቸው ለዚህ ንጽጽር አይመችም። እ.ኤ.አ. በ1966 የተጠናቀቀው ሮዛይረስ ሲሠራ የሚይዘው ከ3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ጥቂት በላይ ነበር፤ ከፊቱ የሚመጣው ወንዝ ደግሞ በዓመት 50 ቢሊዮን ገደማ ነው። ትንሽ ማሰሮ ከትልቅ ጎርፍ ፊት እንደማስቀመጥ ነበር። በአራት አሥርተ ዓመታት ሲሶውን ያህል አጥቶ በኋላ ከፍታው እንዲጨመር ግድ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ያለው ሴናርም ከመያዣው ከግማሽ በላይ በደለል ተበልቷል። የሕዳሴ ግድብ ግን ከእነዚህ ሁሉ እጅግ ስለሚበልጥ ደለሉን ለረጅም ዘመን ይሸከመዋል።

ክርክሩ ደካማ የሆነው በቁጥሩ ብቻ አይደለም። ተጎጂውን ይሳሳታል። የደጋው ገበሬ እርከን የሚሠራው ግድቡ እንዳይጎዳ ነው ከተባለ፣ ገበሬው የሌላ ንብረት ጠባቂ ሆነ ማለት ነው። ጥበቃው የውለታ ሥራ ይሆናል፤ የውለታ ሥራ ደግሞ አስተባባሪው ዘወር ሲል ይቆማል።

እውነተኛው ተጎጂ ማሳው ነው። ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ በኢትዮጵያ ባደረጓቸው የአፈር ጥበቃ ጥናቶች፣ ከታረሰ መሬት የሚሸረሸረውን አፈር በአማካይ በሄክታር በዓመት 42 ቶን ገምተው ነበር። ይህ በውፍረት ሲለካ ሦስት ተኩል ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በዓይን አይታይም፤ ገበሬውም በዓመቱ መጨረሻ ልዩነቱን ላያየው ይችላል። በአሥር ዓመት ግን ሦስት ተኩል ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አንድ ሰው በወጣትነቱ የተረከበውን መሬት በስተርጅናው ለልጁ ሲያወርስ ወደ ሃያ ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ለም አፈር ጎድሎት ሊሆን ይችላል። አፈር የሚፈጠረው ከዚህ በብዙ በሚያንስ ፍጥነት ነው። ልጁ የሚወርሰው ካርታው ላይ ያው ሄክታር ነው፤ ከሥሩ ያለው መሬት ግን ሌላ ነው።

የጎደለው ለምነት በማዳበሪያ ይሟላል። ማዳበሪያው በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ዋጋው ሲወደድ ገበሬው ይበደራል፤ የተራቆተ ማሳ ላይ የተበተነው ማዳበሪያም ከቀሪው አፈር ጋር አብሮ ይታጠባል። ግድቡ 600 ዓመት ቢቆይም ደጋው እንዲህ እየተራቆተ ያን ያህል አይጠብቀውም። የአደጋው ትክክለኛ ቅደም ተከተል ይህ ነው።

▪️ ዘመቻው ለምን አልበቃም?

ኢትዮጵያ ስለ አፈር ጥበቃ አታውቅም የሚል ካለ ስቷል። የኮንሶ ሕዝብ ከ400 ዓመት በላይ የዘለቀ የድንጋይ እርከን አለው፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ ነዋሪዎች የተራቆተ ተፋሰሳቸውን መልሰው በማልማታቸው እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኢኳተር ሽልማትን አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ1868 በመቅደላ ዘመቻ የእንግሊዝ ጦር ያነሳቸውን ፎቶግራፎች በዚያው ቦታ ቆመው እንደገና ያነሱ ተመራማሪዎች፣ ብዙው የሰሜን ተዳፋት ከዚያ ዘመን ይልቅ በዛፍ ተሸፍኖ እንዳገኙት ጽፈዋል። መሬት ይድናል። ይህ ምኞት ሳይሆን የታየ ነገር ነው።

ችግሩ ሌላ ነው። ከ1966ቱ ረሃብ በኋላ በደርግ ዘመን በምግብ ለሥራ በመቶ ሺዎች የተሰለፉበት እርከን ተሠራ። በ1983 ዓ.ም ሥርዓቱ ሲወድቅ ብዙ ቦታ ሕዝቡ እርከኑን አፈረሰው፣ የተከለለውን ደን ቆረጠው። ሥራውን የራሱ አድርጎት አያውቅም ነበርና። በኋላም በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ሕዝብ በነፃ ጉልበት የሚሳተፍበት የተፋሰስ ልማት መጣ። ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ አረንጓዴ አሻራ ተከተለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የጋራ ጉድለት አለ፦ የሚቆጠረው የተሠራው እንጂ የቆየው አይደለም። ሪፖርቱ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን፣ ይህን ያህል ጉድጓድ፣ ይህን ያህል ችግኝ ይላል። ከሦስት ክረምት በኋላ ስንቱ ቆሞ እንደተገኘ የሚናገር ዓምድ ከቅጹ ላይ የለም ወይም ባዶ ነው። ውሃ ግን ሪፖርት አያነብም። አንድ ቦታ ላይ የተሸነቆረ እርከን ጎርፉን ሰብስቦ በአንድ ቀዳዳ ስለሚለቅቀው ካልተሠራ እርከን የባሰ ቦረቦር ሊከፍት ይችላል። ጥገና የሌለው ጥበቃ ጉዳቱን ማዘግየት ብቻ ሳይሆን ማባባስም ይችላል።

ገበሬው እርከን ሲያፈርስ «አልገባውም» ማለትም የተለመደ ስንፍና ነው። ገብቶታል። እርከን ከጠባብ ማሳው ላይ ቦታ ይወስድበታል፤ በሬ ጠምዶ ለመዞር ያስቸግረዋል፤ የአይጥና የአረም መጠለያ ይሆንበታል። የሚሰጠው ጥቅም ግን ከዓመታት በኋላ የሚመጣ፣ ግማሹም ለታችኛው ጎረቤት የሚሆን ነው። ስሌቱን ያልሠራው ገበሬው ሳይሆን ዘመቻውን ያቀደው ነው። እርከኑ አናት ላይ ዝሆኔ ሣር ወይም ሌላ መኖ ሲተከል፣ ሣሩን አጭዶ ከብቱን ሲመግብ፣ ያው ገበሬ እርከኑን ማንም ሳያዘው ይጠብቀዋል።

ሕግም ነበር። የ1997ቱ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ደንግጎ ነበር። ወረቀቱ ከልክሏል፤ ሆድ ግን አልተከለከለም። ሌላ መሬት የሌለው ሰው ገደል አፋፍ ላይ ያርሳል። አማራጭ ያልተሰጠበት ክልከላ ሰውን ጥፋተኛ ከማድረግ በቀር አፈር አያድንም።

▪️ ገደሉ የሚያስተምረው

ሸለቆው አራት ነገር ያስተምራል፤ አራቱም ወደ ሥራ መለወጥ ይችላሉ።

አንደኛ፣ ውሃ ከመሰብሰቡ በፊት ነው የሚሸነፈው። ተራራ አናት ላይ ቀጭን ሆኖ የሚፈሰውን በሣርና በእርከን ማስረግ ይቻላል፤ ታች ተሰብስቦ ከመጣ በኋላ ግን ጋቢዮንም አይመልሰውም። ሥራው ከአናት ወደ ግርጌ፣ ሙሉ ተፋሰሱን ይዞ መሄድ አለበት። ለካሜራ በሚመች መንገድ ዳር የሚሠራ እርከን ይህን ሕግ ይገለብጠዋል።

ሁለተኛ፣ ቆረጣው የሚራመደው በጫፉ በኩል ነው። በጀት ሲያጥር ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ገና ትንሽ ለሆነው፣ አናቱ ወደ ማሳ እየተጠጋ ላለው ቦረቦር ነው። ሸለቆ የሆነውን ለመድፈን መሞከር ገንዘብ መቅበር ነው፤ ጉልበት ላይ የደረሰውን ማስቆም ግን የአንድ ጎጥ ሰው አቅም ነው።

ሦስተኛ፣ ጎርፍን አንድ ነጥብ ላይ የደፋ ሁሉ ተጠያቂ ይሁን። የመንገድ ሥራ ውል ቱቦው የሚደፋው ውሃ እስከ ተፈጥሯዊ ወንዝ ድረስ በሰላም የሚደርስበትን ቦይ ካላካተተ ርክክብ መደረግ የለበትም። ይህ አዲስ ቴክኖሎጂ አይጠይቅም፤ ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ይጠይቃል።

አራተኛውና ዋናው ገንዘቡ ነው። ጥገና ያለ ቋሚ በጀት አይኖርም፤ በየዓመቱ በዘመቻ የሚሰበሰብ ነፃ ጉልበትም ለዘላለም አይሆንም። ግድቡ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ኤሌክትሪኩ በአገር ውስጥም ለጎረቤትም ይሸጣል። ከዚያ ሽያጭ ትንሽ ግን በሕግ የተወሰነ ድርሻ ውሃው ወደሚነሳባቸው ወረዳዎች ተመልሶ፣ ክፍያውም ከሦስት ዓመት በኋላ ቆሞ በተገኘ እርከንና በዳነ ቦረቦር ልክ ቢሆን፣ ደጋው የግድቡ አገልጋይ መሆኑ ቀርቶ ሸሪኩ ይሆናል። ግድቡን ሕዝቡ በቦንድና በመዋጮ ሠራው። ግድቡ ደግሞ ውሃውን የሚልክለትን መሬት ቢጠግን ውለታ አይባልም፤ ዕዳ መክፈል ነው።

አገር ሰላም ሳይሆን ይህ እንዴት ይሆናል የሚል ይኖራል። ልክ ነው። በትግራይ የነበረው ጦርነትና በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወደ ቀበሌ እንዳይገባ፣ የተከለለ ቦታ ጠባቂ እንዲያጣ አድርጓል። ግን ይህ ነገሩን ለማዘግየት ምክንያት ሳይሆን የሰላም እጦት ስውር ዋጋ ነው። የፈረሰ ትምህርት ቤት ሰላም ሲመጣ ይሠራል፤ በእነዚያ ክረምቶች የሄደ አፈር ግን ድርድር ተፈርሞ አይመለስም።

ዓባይ በሚሊዮን ዓመታት ትዕግሥት አንድ ታላቅ ሸለቆ ቆርጧል፤ በዚያ ሥራው ሊወቀስ አይገባም። በየማሳው እየተቆረጠ ያለው አዲሱ ገደል ግን የእሱ አይደለም። ያ ገደል ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ውሃውን የሚሰበስበው ቱቦ፣ የተራቆተው ተዳፋት፣ ያልተጠገነው እርከንና ቆሞ የቀረውን የማይቆጥረው ሪፖርት ነው። ወንዙን መክሰስ ቀላል የሆነው መልስ ስለማይሰጥ ነው።